ሰባተኛው ረቂቅ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። አፌና መቀሴ እኩል ነው የሚሠሩት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው አርፎ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ሚስቴ ማውራት ስጀምር «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ለፈለፈ» እንዳትሉኝ። ብትሉኝም ግድ የለኝም። ይሄን ነገር ለሰው ካልነገርኩት ሆዴ ውስጥ ሊፈነዳ ነው።

ሚስቴ የምክር ቤት ሠራተኛ ናት። አባል አይደለችም፣ ሹም አይደለችም፣ በቴሌቪዥን ታይታ አታውቅም። ሥራዋ የቀን አጀንዳ ማዘጋጀት ነው። ምክር ቤቱ ዛሬ ተሰብስቦ የትኛውን ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ ያያል፣ የትኛውን ቀጥሎ፣ የትኛውን መጨረሻ፤ ያንን ዝርዝር የምታወጣው እሷ ናት። አፈ ጉባኤው ይፈርምበትና ያነበዋል፣ ሕዝቡም የእሱ ሐሳብ ይመስለዋል። እኔ ግን የት እንደተጻፈ አውቃለሁ። ምድር ቤት፣ መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ እንደ ሆቴል የቁልፍ ሣጥን ረድፍ ረድፍ ያለው የእንጨት ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ረቂቅ በአንድ ጠንካራ ካርድ ላይ ስሙ፣ የአንቀጹ ብዛትና ከኮሚቴ የመጣበት ቀን ይጻፍና እዚያ ይሰካል። ኮምፒውተር ከገባ ስንት ዘመኑ! እሷ ግን መጀመሪያ በካርዷ ካላየችው አታምንም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወይዘሮ ወረፋ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት የሥራ ዘመኑ ሊዘጋ ሲል በሚመጣው ትርምስ ነው። ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲበተን ያልታየ ረቂቅ ሦስት ወር ተኩል ይተኛል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም «የኔ ይቅደም» ባይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰላም የማይላት የሹም ጸሐፊ በዚያ ሳምንት «እንዴት ነሽ የኔ እናት» ብሎ ደረጃውን ይወርዳል። አንዱ ሽቶ ልኮላት ነበር። እሷ ምን አደረገች? በፖስታ አሽጋ፣ «ተመላሽ» ብላ ጽፋ፣ የመለሰችበትን ደረሰኝ አስፈርማ ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ «ምናለ አንድ ቀን እንኳን ብትቀቢው?» ብያት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

ደንቡ ቀላል ነው። ከኮሚቴ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይታያል። ሁለት ረቂቆች በአንድ ቀን ከመጡ ግን ደንቡ ምንም አይልም፤ ምርጫው የጽሕፈት ቤቱ ነው፣ ማለትም የእሷ። እሷ ደግሞ ቀድሞ እዚያ ወንበር ላይ ከነበሩት ሽማግሌ የተማረችው አንድ ልማድ አላት፦ አጭሩ ይቅደም። አጭሩ ቶሎ ያልቅና ለረጅሙ ቦታ ይለቃል፣ ረጅሙ ከቀደመ ግን አጭሩን ውጦት ይቀራል። የትም አልተጻፈም። ሃያ ሁለት ዓመት ግን እንደዚያ ነው የሠራችው፣ ሹሙም ተራውም ያውቀዋል። ቤታችን ውስጥ ሳይቀር ሕግ ሆኖ ነበር። እህቴ ልጅ ሆና ቁመቷ አጭር ስለነበር ምግብ ሲቀርብ «አጭሯ እኔ ነኝ፣ እኔ ልቅደም!» እያለች እጇን ትሰድ ነበር።

ስለ እህቴ ልንገራችሁ። እናታችን ስትሞት እህቴ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ እኔ ገና ሙሽራ ነኝ። ሚስቴ ባል ብቻ አገባሁ ብላ የመጣች ሴት፣ ልጅ ተጨመረላት። አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችም። ፀጉሯን ሠራችላት፣ አስጠናቻት፣ ስትታመም አቅፋት ተኛች። እኛ ልጅ አልወለድንም፤ እሷ ሆነችልን። ሚስቴን «እታለም» ነው የምትላት። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ምላሷ ደግሞ ከኔ ምላጭ ይበልጣል። ተማሪዎቿ ይፈሯታል፣ ግን እሷ ካላስተማረች ሞተን እንገኛለን ይላሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኩላሊቷ ከዳት። ሁለቱም። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ማዕከል ሄዳ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ትታሰራለች። ክንዷ ላይ መርፌ የሚገባበት ደም ሥር እንደ ገመድ አብጧል። «ኩላሊት የሚሰጣት ይኖራል?» ሲባል እኔ አንድ ወንድሟ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ሐኪሙ ደሜን አየና «አንተ ራስህ ስኳር አለብህ፣ የሚሰጥ ኩላሊት የለህም» አለኝ። እኔ እኮ ስኳር እንዳለብኝ እንኳን አላውቅም ነበር! ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሚስቴ ለማንም ሳትነግር ሄዳ ተመረመረች። ውጤቱን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይስማማል! ሐኪሙ ራሱ ተገርሟል። ደስታችን ግን አንድ ቀን አልሞላም። ሕጉ ኩላሊት መስጠት የሚችለው ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ባል ወይም ሚስት ነው ይላል። የወንድም ሚስት የለችበትም። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ሴት በሕግ ዓይን ባዳ ሆነች። እግዜር ያሳያችሁ!

ይሄንን የሚያስተካክል ማሻሻያ ግን ምክር ቤት ገብቶ ነበር። በጋብቻ የተዛመደም መስጠት ይችላል የሚል፣ አራት አንቀጽ ብቻ ያለው ረቂቅ። እኛ አይደለንም ያመጣነው፤ ሐኪሞች ስንት ዓመት ጮኸው ያስገቡት ነው። ኮሚቴው ውስጥ ስምንት ወር ተኛ። በመካከሉ የእህቴ ልብ መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ለብቻችን ጠርቶን «ጉልበት ሳላት ነው መሆን ያለበት። ከሁለት ወር በላይ አላሳልፍም ነበር፣ የኔ ልጅ ብትሆን» አለን። ምክር ቤቱ ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል።

በመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ረቂቁን ለቀቀው። ሚስቴ ስልክ ደወለችልኝ። እሷ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። «ወጣ» አለችኝ። በዚያው ጠዋት ግን ሌላም ረቂቅ ወጥቷል፤ የመጋዘን ኪራይና ጥበቃ የሚባል፣ ዘጠና ሁለት አንቀጽ። ሁለቱም የሐሙስ ናቸው፣ ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው። ከፊታቸው ሌሎች አምስት ነገሮች አሉ። ስድስተኛና ሰባተኛ ማን ይሆናል የሚለው ብቻ ነው የቀረው።

«ታዲያ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት ማታ እራት ላይ። «አራትና ዘጠና ሁለት! አጭሩ ይቅደም!» እህቴ ከት ብላ ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ሚስቴም ፈገግ አለች። ካርዱን ስድስተኛው ላይ ሰክታው ነው የመጣችው።

አሁን ወደ አፌ እንምጣ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የምክር ቤት ሾፌር መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ደንበኛዬ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። «እህትህስ?» አለኝ። ዝም እላለሁ እኔ? ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። «ሐሙስ ያልቃል!» አልኩት። «ሚስቴ እዚያው አይደለች እንዴ? ስድስተኛ ላይ አስቀምጣዋለች። የራስ ሰው ቦታው ላይ ሲኖር እንዲህ ነው!» ይሄን አልኩ። እውነቱ እኮ ለማንም የምታደርገውን ነው ያደረገችው። እኔ ግን ውለታ አስመሰልኩት፤ ትልቅ ሰው መስዬ መታየት ፈለግኩ መሰለኝ። ሾፌሩ ሳቀ፣ አንገቱን አራገፍኩለት፣ ሄደ። ከደቂቃ በኋላ ረሳሁት።

እሱ ግን አልረሳም። ክፋት የለበትም፣ ቀልደኛ ነው። በሻይ ሰዓት የሠራተኛው ክበብ ሞልቶ ሳለ ከዚያ ማዶ ሆኖ «ወይዘሮ ወረፋ! ዘንድሮ የቤተሰብ አጀንዳ አስገባሽ አሉ! ስድስተኛ ላይ!» ብሎ ጮኸ። ክበቡ በሳቅ ፈነዳ። የመጋዘኑን ረቂቅ የሚከታተለው ሰውዬም እዚያው ነበር። እሱ አልሳቀም አሉ፣ ስኒውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አያት።

ይሄን ሁሉ ያን ጊዜ እኔ አላውቅም። የነገረችኝ በኋላ ነው።

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነስታ ወደ ዋናው ጸሐፊ ቢሮ ወጣች። የቅርብ አለቃዋ ነው። «ጌታዬ፣ ይሄ ረቂቅ ቤቴን ይነካል። ተራውን እርስዎ ይወስኑልኝ፣ እኔ እጄን ላውጣ» አለችው። እሱ በመጨረሻው ሳምንት ወረቀት ተከምሮበት በሁለት ስልክ ያወራል። «ኧረ በፈጠረሽ! ሃያ ሁለት ዓመት ማን ጠይቆሽ ያውቃል? ያንቺን ሥራ ለኔ አታምጪብኝ፣ እንደመሰለሽ አድርጊ» ብሎ በእጁ ሸኛት። ከደግነቱ ነው፣ ስለሚያምናት።

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሰሌዳው ፊት ቆመች። መቁጠር ጀመረች፦ አምስቱ እስከ ስምንት ሰዓት ያልቃሉ፣ መጋዘኑ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ እንኳን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው፣ ለአራት አንቀጽ ግማሽ ሰዓት ይተርፋል። ይደርሳል። ሁለቱም ይደርሳሉ። ታዲያ ሰው ለምን ይጠቋቆምብኛል? ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን ስሜን ለምን በአንድ ቀን አጠፋዋለሁ? እንዲህ እንዲህ እያለች ካርዶቹን አቀያየረቻቸው። መጋዘኑ ስድስተኛ፣ የኛ ሰባተኛ።

ሐሙስ የእህቴ የእጥበት ቀን ነበር። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንበር፣ ስድስት ማሽን፣ ግድግዳው ላይ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ነርሷ ስለ ነገሩ ስለሰማች ቻናሉን ወደ ምክር ቤቱ ቀየረችልን፤ የሌሎቹም በሽተኞች ዓይን እዚያው ተተከለ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ መልስ፣ አፈ ጉባኤው መነጽሩን አድርጎ የቀረውን ዝርዝር አነበበ። «ስድስተኛ፣ የመጋዘን ኪራይና ጥበቃ ረቂቅ ሕግ። ሰባተኛ…»

እህቴ ጭንቅላቷን ከትራሱ አነሳች።

«ወንድምዬ፣ የኛ ስንት አንቀጽ ነው?»

«አራት።»

«የመጋዘኑስ?»

«ዘጠና ሁለት።»

ጭንቅላቷን መለሰች። እኔ «ተሳስቶ ይሆናል፣ አንብቦት ይሆናል ገልብጦ» እያልኩ ቀባጠርኩ።

መጋዘኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ደህና ነበር፣ ሃያ ሠላሳ አንቀጽ በላይ በላዩ አለፈ። አንቀጽ አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ ቁልፍ መጣ። የመጋዘኑን ቁልፍ መያዝ ያለበት ባለቤቱ ነው ወይስ ዕቃውን ያስቀመጠው ሰው? ጉድ ፈላ! አንዱ ተነስቶ ቁልፍ የባለቤት ክብር ነው ይላል። ሌላው ዕቃዬን ዘግቶብኝ ቢጠፋስ ይላል። ሦስተኛው ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ አለ። አራተኛው ሁለት ቁልፍ ካለ ሁለት ሌባ አለ አለና ሁሉም ሳቀ። እነሱ ሲስቁ እኔ ቴሌቪዥኑን በጫማዬ ልለው ምንም አልቀረኝም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አሥር ሆነ። ካሜራው ወደ ኋላ ሲዞር ወንበሮቹ እየሳሱ ነው፤ ነገ ዕረፍት ነው፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደየአገሩ መሄድ ጀምሯል። «ተቀመጥ እንጂ አንተ! የት ትሄዳለህ!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጋዘኑ ጸደቀ። አፈ ጉባኤው ውኃ ተጎነጨ። «ሰባተኛ» አለ። ነፍሴ መለስ አለች፣ ሩብ ሰዓት አለ፣ ሩብ ሰዓት ለአራት አንቀጽ ምን አነሰው? ያኔ ከመሃል አንድ አባል እጁን አውጥቶ «ምልዓተ ጉባኤ የተሟላ አይመስለኝም፣ ይቆጠርልኝ» አለ። ተቆጠረ። አሥራ ሁለት ሰው ጎደለ። ሕግ ለማጽደቅ የሚበቃ ሰው የለም። «የቀረው ጉዳይ በሚቀጥለው የሥራ ዘመን ይታያል። መልካም ዕረፍት» ብሎ መዶሻውን መታ። ሰባተኛውን ስሙን እንኳን አልጠራውም።

ከቤት ስንደርስ ሚስቴ ቀድማን ገብታለች። ቦርሳዋን እንደያዘች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

እህቴ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«እታለም፣ ማን ነው ያስቀመጠው ሰባተኛ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ሰው… ለቤተሰቧ አደላች እንዳይለኝ ብዬ ነው። ይደርሳል ብዬ ነበር። ቆጥሬዋለሁ፣ ይደርስ ነበር።»

«የኔ ባይሆን ኖሮስ? አራት አንቀጽና ዘጠና ሁለት አንቀጽ። የማታውቂው ሰው ቢሆን የትኛውን ታስቀድሚ ነበር?»

ሚስቴ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠመዘዘች።

«አዳልዪልኝ አላልኩሽም እኮ» አለች እህቴ። «ለማንም ለመንገደኛ የምታደርጊውን ነው ለኔ የነፈግሽኝ። ያንቺ ስለሆንኩ ከባዳ አነስኩ። ይሄን ነው ያደረግሽው።»

እኔ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ተነሳሁ። «ስምሽ ይበልጣል ወይስ የዚች ልጅ ነፍስ? ማን ምን አለሽና ነው? ማን ነው ያንን ወሬ ያወራብሽ? ንገሪኝ አፉን እዘጋዋለሁ!»

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ያለ አንዳች ቁጣ፣ ክበቡ ውስጥ የሆነውን ነገረችኝ። ሾፌሩ የጮኸውን። ስድስተኛ መሆኑን ማን እንደነገረው አልጠየቀችኝም። ስድስተኛ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስታችንም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርን።

ቆሜ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ያላረፈው አፌ ያን ቀን አንድ ቃል አጣ። እህቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሚስቴን አየች። «ሁለታችሁም» አለችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

እነዚያን ሦስት ወር ተኩል እንዴት ልንገራችሁ? ሚስቴ ልዩ ስብሰባ እንዲጠራ ለአፈ ጉባኤው ማመልከቻ ጻፈች፤ በሕይወቷ ለራሷ ጉዳይ የጻፈችው የመጀመሪያ ወረቀት ነው። ልዩ ስብሰባ ለጦርነትና ለአደጋ ነው ተባለች። ኩላሊቷን ስትጠብቅ ግን ብታዩዋት ታዝኑ ነበር። ጨው ተወች። ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትሄዳለች። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያስነጥስ መንገድ ትሻገራለች። «የኔ አይደለም፣ የሷ ነው፣ ልጠብቀው አደራ አለብኝ» ትላለች። እህቴ ታናግራታለች፣ ግን የሚናገሩት «ውኃ አምጪልኝ»፣ «መድኃኒቱ አልቋል» ብቻ ነው። እታለም ማለቷን ግን አልተወችም። እኔ ሱቄ ውስጥ ዝም ብዬ ስቆርጥ ደንበኞቼ ታመምክ ወይ ይሉኛል።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ እህቴ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች። ወጣች፣ ግን የወጣችው ሌላ ሰው ሆና ነው፤ ሦስት ደረጃ ወጥታ ታርፋለች።

ምክር ቤቱ ተከፈተ። ካለፈው የተንከባለለ ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ጉዳይ ሆነ። ማንም አልተናገረበትም። እህቴ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ነበር። «አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች።

በማግስቱ ሦስታችንም ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። የልቧን ምርመራ ደግሞ አየው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አበሰ፣ መልሶ አደረገው። «ልቧ ሰመመኑን አይችለውም» አለ። «ቀዶ ሕክምናው ራሱ ይገድላታል። የዛሬ ሦስት ወር ቢሆን ኖሮ…» አለና አቆመ። ሚስቴ «ቢሆን ኖሮስ?» አለችው። ደግማ «ይንገሩኝ፣ ቢሆን ኖሮስ?» አለችው። «ይቻል ነበር» አላት።

መንገድ ላይ ሚስቴ አንድ ግንብ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እህቴም አጠገቧ ተቀመጠች፣ እሷ ግን ከድካም ነው። ከዚያ ሦስት ወር ተኩል ሙሉ ያልተናገረችውን ተናገረች።

«እወድሻለሁ እታለም። እናቴ ነሽ፣ ሌላ እናት የለኝም። ይቅር ልልሽ ግን ሞክሬ ሞክሬ አቃተኝ። ይቅር አለችኝ ብለሽ እንዳታስቢ፣ ፍቅሬ እንደቀረ ደግሞ እንዳታስቢ። ሁለቱንም አብረሽ ያዢልኝ።»

«እሺ» አለች ሚስቴ።

«አንተም» አለችኝ ወደኔ ዞራ። እኔም እሺ አልኩ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እየተፈራረቅን እንወስዳታለን። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሦስታችንም አብረን ነበርን። ክፍሉ ውስጥ እህቴ ማሽኑ ላይ ናት፣ ሚስቴ እግሯን ታሽላታለች። በሩ ተከፈተና አንዲት ደልደል ያለች ሴት ኬክ ይዛ ገባች፣ ከኋላዋ ከዘራ የያዙ አሮጊት። ሴትዮዋ ሌላኛው ፈረቃ ላይ ትታጠብ የነበረች ናት፣ እኛ አናውቃትም። ነርሶቹ እልል አሉ። አዲሱ ሕግ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ኩላሊት ተተከለላት። የሰጧት አሮጊቷ ናቸው።

«የባሌ እናት ናት!» ትላለች ሴትዮዋ ለሁሉም እየዞረች። «አሥራ አምስት ዓመት ወጥሽ አይጥምም ስትለኝ ኖራ ኩላሊቷን ሰጠችኝ! አሁን ወጡ ባይጥም ጥፋቱ የራሷ ኩላሊት ነው!» አሮጊቷ በከዘራቸው መታ አደረጓት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እህቴም ሳቀች።

ነርሷ ደስ ሲላት አፏ አያርፍም፣ እንደኔ ናት። ሚስቴን በጣቷ አሳየችና «ይቺ እኮ ምክር ቤት ናት የምትሠራው! ሕጉ በሷ እጅ ነው ያለፈው!» አለች።

አሮጊቷ ከዘራቸውን ለሴትዮዋ ሰጥተው እየተንገዳገዱ መጡ። ሚስቴ ብድግ ስትል ሁለት እጇን ያዙ። ጎንበስ ብለው ሳሙት። ሚስቴ ልታስለቅቅ ብትሞክር አለቀቋትም።

«ልጄን አተረፍሽልኝ። እድሜሽን ያርዝመው። የምትወጃቸውን አያሳጣሽ። ያንቺም ቤት እንዲህ ይሳቅበት።»

ሚስቴ እንደ በድን ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። አሮጊቷ ምርቃታቸውን ያልተቀበለቻቸው መስሏቸው ግራ ገባቸው፣ ቀና ብለው ያዩዋታል። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እህቴ ናት የተናገረችው፣ መርፌው ክንዷ ላይ እንደተሰካ።

«አሜን በያቸው እንጂ እታለም። ሰው ሲመርቅ ዝም አይባልም።»

«አሜን» አለች ሚስቴ።

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ወደ ቀጣዩ ወንበር ሄዱ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሚስቴ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እግሯንም ማሸት ቀጠለች። እህቴ እግሯን አልሰበሰበችም።